ፓጎዳው ስንት ሰው ይችላል?

ኔልፋ ጽሑፏን የጨረሰችው ከቀትር በኋላ የምትነሳዋ ጀልባ ሄዳ ወደቡ ጭር ባለ ጊዜ ነው። ከቲኬት መስኮቷ ጀርባ ተቀምጣ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበበችው። «ግድየለሾች» ያለችበትን ቦታ አጥፍታ «እኛ» አለችው። «ገደላት» ያለችበትንም አጥፍታ «ሞተች» አለችው። ከዚያ «የቢናላዋን ልጆች» በሚባለው የፌስቡክ ገጽ ላይ ለቀቀችውና ስልኩን በአፍጢሙ ደፍታ፣ የጋለ ድስት እንደነካ ሰው እጇን በቀሚሷ ላይ ጠራረገች።

የጽሑፉ ርእስ «ፓጎዳው ስንት ሰው ይችላል?» የሚል ነበር። ፓጎዳ የሚሉት ሦስት ታንኳ ጎን ለጎን ታስሮ በበዓሉ ቀን የቅዱሱን ምስልና አጃቢዎቹን በወንዙ ላይ የሚወስደውን ተንሳፋፊ ነው።

«የቢናላዋን ሰዎች፣ እዚህ ያላችሁም ባሕር ማዶ ያላችሁም» ይላል። «የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ደረሰ። ዓምና ቅዱሱን የጫነው ፓጎዳ ወንዙ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግራ ጎኑ ውሃ ውስጥ ገባና ሰዎች ወደቁ። ሌሎቹ ከውሃው ወጡ። እኅቴ ሊጋያ አልወጣችም፤ ሞተች። ይህን የምጽፈው ማንንም ልከስ ብዬ አይደለም። የሚከሰስ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ማኖንግ ዲዮስኮሮ ሦስቱን ታንኳ አጥብቀው አስረዋል፣ የቀርከሃውንም ወለል በደንብ ነጥፈውታል። ቀዛፊዎቹ አልጠጡም። ፓጎዳው ላይ የወጡትም ሁሉ ስእለት ያለባቸው ናቸው፤ ስእለት ያለበትን ሰው ‹አንተ ቅር› የሚል ደግሞ በዚህ ከተማ አልተወለደም። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ሲታይ መውጣቱ ልክ ነበር፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ከበዱ። ስንት እንደነበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«ሐሳቤ ይህ ነው። በታንኳዎቹ ጎን ነጭ መስመር ይቀባ፤ ውሃው ወደ መስመሩ ከተጠጋ ይበቃል። ታንኳዎቹን አይቻቸዋለሁ፣ ሠላሳ ሰው ይችላሉ። የቀረነው ሻማችንን ይዘን በወንዙ ዳር እንከተል። የተሳልነው ቅዱሱን ለማጀብ ነው፤ ማጀብ ደግሞ በእግርም ይሆናል። ከተሳሳትኩ የቱ ላይ እንደሆነ ጻፉልኝ። መሳደብ የፈለገም ይሳደብ፤ ከስድቡ በታች ግን ምክንያቱን ይጨምርበት።»

ያልጻፈችው አንድ ነገር ነበር። እናቷ ናናይ ሴፋ ዘንድሮ ፓጎዳው ላይ ልትወጣ ተስላለች። ያውም በግራ በኩል፣ ሊጋያ በቆመችበት ቦታ።

ኔልፋ የወደብ ልጅ ናት። አባቷ ጀልባ ነጂ ነበር፤ እሷ ደግሞ ትምህርቷን እንደጨረሰች ወደ ዋናው ደሴት ለሚሻገሩት ጀልባዎች ቲኬት መቁረጥ ጀመረች፤ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግ እንኳ ከዚያ መስኮት አልተነሳችም። ሥራዋ ሰው ማሳፈር ይባል እንጂ እውነተኛው ሥራዋ ሰው መመለስ ነው። ጀልባዋ ከሞላች ሙሽራም ይሁን፣ ለቀብር የሚቸኩልም ይሁን፣ የከንቲባው ሾፌርም ይሁን፣ «በሚቀጥለው» ትላለች። ሰድበዋታል፣ አልቅሰውባታል፣ አንዴ አንድ ሰውዬ በንዴት የያዘውን ዶሮ በመስኮቱ ወርውሮባት ሄዷል። ዶሮውን ሊጋያ ሾርባ ሠራችው፤ ሰውዬው በማግስቱ ሊጠይቅ ሲመጣ «ሞልቷል፣ በሚቀጥለው» ብላ የመለሰችውም ሊጋያ ናት። ሊጋያ እንዲያ ነበረች። ስታወራ እጇን በሰው ትከሻ ላይ ታሳርፋለች። ከሞተች ወዲህ ኔልፋ ሰው ትከሻዋን ሲነካት ትደነግጣለች።

ሊጋያ ዓምና ፓጎዳው ላይ የወጣችው ለእናቷ ዓይን ነበር። ናናይ ሴፋ ዓይኗን በቀዶ ሕክምና ታክማ ማየት ስትችል ስእለቱ ደረሰ፤ ልጅቱም ሻማዋን ይዛ ወጣች። ከተማው ከዚያ ወዲህ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሊጋያ በቅዱሱ እግር ሥር አረፈች፣ የታደለች ናት። ኔልፋ የምታውቀው ግን እኅቷ ውሃ ውስጥ መሞቷን ነው።

ስልኩን መልሳ ስታነሳ ስክሪኑ በሚስቁ ፊቶች ተሞልቶ ነበር።

«ቆጣሪዋ ተነሳች» ይላል አንዱ። «ከነገ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቲኬት ትቆርጣለች።»

«ሠላሳውን ማን ሊመርጥ ነው? ድሃው ጭቃ ለጭቃ ይከተል፣ ባለ ሱቁ ይውጣ ነው ነገሩ?»

«እኛ እንደ ሊጋያ ያለ ሞት እንለምናለን፣ እኅቷ ታማርራለች።»

ለዚህኛው ጣቷ ቀድሟት መልስ ጻፈች፤ ውሃና ቅዱስ የሚለያይ ነገር መሆኑን የሚናገር፣ የሚያቆስል መልስ። አየችው። አጠፋችውና «ለእኅቴ ስለምትጸልዩ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ስለ ዘንድሮ ነው» ብላ ተካችው። ለድሃውና ለባለ ሱቁም መለሰች፤ ማንም አይመርጥም፣ ቀድሞ የመጣ ይወጣል፣ አለች። ከታች አንድ ሰው ወዲያው «እንቅልፍ የሌለው ሁሉ ይጸድቃል ማለት ነዋ» ሲል ጻፈ፤ ኔልፋ ሳታስበው ፈገግ አለች።

ከሁሉ የከበዳት የጆቬሊን ጥያቄ ነበር። ጆቬሊን ሆንግ ኮንግ በሰው ቤት የምትሠራ የቢናላዋን ልጅ ስትሆን የገጹ ጠባቂም እሷው ናት፤ ጽሑፍ ማጥፋት ብትፈልግ በአንድ ጣቷ ታጠፋለች።

«ማናንግ ኔልፋ፣ እኔ ስእለቴን የማደርሰው በወንድሜ ነው» ብላ ነበር የጻፈችው፣ ታላቅ ሴት በአክብሮት በሚጠራበት «ማናንግ» ጀምራ። «እሱ ፓጎዳው ላይ ሲቆም እኔ የቆምኩ ያህል ነው። ዳር ላይ የቆመ ግን ተመልካች ነው፤ ተመልካችማ ከጎረቤት ከተማም ይመጣል። ወንድሜ ዳር ከቀረ የኔ ስእለት ደረሰ ነው የሚባለው ወይስ አልደረሰም? እየተሳለቅሁ አይደለም።»

ኔልፋ ብዙ ካሰበች በኋላ «ጥያቄሽ ትክክል ነው። መልስ የለኝም። እያሰብኩ ነው» ብላ መለሰችላት። ቀልደኞቹ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው። «ቆጣሪዋ ቁጥር ጠፋባት» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ገና ተሳፋሪ ሳይመጣ ማናንግ ኤውሄንያ መጡ። ማናንግ ኤውሄንያ የሩዝ መጋዘን ያላቸው ሴት ናቸው፤ የዘንድሮው በዓል ደጋሽም እሳቸው። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለኩላት።

«ብዪ፣ ኢንዳይ፣ ልጄ። ሌሊቱን ስትጽፊ አድረሽ ቁርስም አልቀመስሽ ይሆናል።»

«በቀን ነው የጻፍኩት፣ ማናንግ። አመሰግናለሁ።»

«በቀን። እንግዲያስ በቀን አውርጂው።»

«ስሕተት ካለበት ይንገሩኝና ላስተካክለው።»

«ስሕተቱማ የጻፍሽው አንቺ መሆንሽ ነው። ኀዘንተኛ ነሽ። ለኀዘንተኛ ይታዘንለታል እንጂ ምክር አይጠየቅም።»

«የሚሰማኝ ከሌለ ታዲያ ምን ያሳስባል?»

ማናንግ ኤውሄንያ በሩቅ የቆመውን ጀልባ አየት አደረጉ። «እኔ ይህን በዓል ለመደገስ ስንት ዓመት ተራ ጠብቄያለሁ። ተራዬ ሲደርስ ፓጎዳው ገዳይ ነው ይባልብኝ?»

«ገዳይ አላልኩም። እሱን አጥፍቼዋለሁ።»

«ምኑን ነው ያጠፋሽው?»

ኔልፋ የቲኬት ጥራዟን ማስተካከል ጀመረች።

«አየሽ» አሉ ማናንግ ኤውሄንያ፣ ረጋ ብለው። «ልብሽ ውስጥ ያለውን እኔ አላጣሁትም። የእኅቴ ልጅ ጠበቃ መሆኑን ታውቂያለሽ። በኢንተርኔት ስም ማጥፋት ያሳስራል አለኝ።»

«የማንን ስም አጠፋሁ? የጠራሁት ማኖንግ ዲዮስኮሮን ነው፣ እሳቸውንም አመስግኜ።»

«እናትሽ ትናንት ለበዓሉ በሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ላይ ከጎኗ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ይህን ደግሞ ጻፊው» አሉና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ። ቂጣው እስከ ማታ ሳይነካ መስኮቱ ላይ ዋለ።

ቤት ስትደርስ ናናይ ሴፋ ነጩን ቀሚሷን ትተኩስ ነበር። እራት ቀርቧል፤ ሩዝና የደረቀ ዓሣ። አንዷም አልተቀመጠችም።

«ማናንግ ኤውሄንያ መጥተው ነበር» አለች ኔልፋ።

«እዚህም መጥተዋል።»

«ምን አሉሽ?»

«ልጅሽን ምከሪያት። እኔም እሺ አልኳቸው።» እናትየዋ ቀሚሱን ገለበጠችው። «አነበብኩት። ሁለቴ። የኔ ስም የለበትም።»

«ለምን ይኖርበታል፣ ናይ?»

«እኔን ለማስቀረት ነዋ ከተማውን ሁሉ የምታስቀሪው።»

«ከተማውም ይሰጥማል፣ አንቺም ትሰጥሚያለሽ።»

«ይሁን። ሁለቱም እውነት ይሁን። ታዲያ ለምን አንዱን ብቻ ጻፍሽው? እዚያ መስኮት ላይ ስትቀመጪ ሰው ሁሉ ላንቺ እኩል ነው። የምኮራብሽ በሱ ነው። እዚህኛው ላይ ግን ከወረቀቱ ጀርባ እናትሽን ደብቀሻል።»

ኔልፋ ወንበሩን ይዛ ቆመች። «አትውጪ፣ ናይ። ለምኜሽ ነው።»

«ይሄ ዓይን» አለች ናናይ ሴፋ፣ በጣቷ እየጠቆመች፣ «የሚያየው በሷ ነው። ልጄ ያየችውን የመጨረሻ ነገር ላይበት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» ካውያውን አስቀመጠች። «ዓሣው ቀዘቀዘ፣ ብዪ።»

ኔልፋ ሳትበላ ደጅ ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጽሑፉን ከፈተችው። ብታወርደው እናቷ ነገ ጸሎት ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው ታገኛለች፤ በዓሉ ሲደርስ ግን እንደ ዓምናው ማንም በማይቆጥረው ሰው መካከል ግራ ጎን ላይ ትቆማለች። ባታወርደውም ቢሆን እናቷ ትወጣለች። ለውጥ የሚያመጣው ሌሎቹ ሰዎች ሐሳቡን ከተቀበሉት ብቻ ነው፤ የሚቀበሉት ደግሞ ካመኑት ነው። ከጽሑፉ ግርጌ እንዲህ ስትል ጨመረች፦

«አንድ ነገር አልነገርኳችሁም ነበር። እናቴ ዘንድሮ ፓጎዳው ላይ ልትወጣ ተስላለች። እፈራለሁ። ስለዚህ ይህን የጻፈችው የምትፈራ ልጅ መሆኗን አውቃችሁ አንብቡት። ፍርሃቴን ቀንሱትና ከዚያ የተረፈው ምክንያት ይበቃ እንደሆነ እዩ። ማጀብ በእግርም ይሆናል ያልኩት ላይ ደግሞ ጆቬሊን አሸንፋኛለች። ዳር መቆም መመልከት ነው። የተሻለ ሐሳብ ያለው ይጻፍ።»

ከዚያ የሚስቁት ፊቶች ቀነሱ። ዓምና ከወደቁት አንዱ፣ እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላለ ዓሣ አጥማጅ፣ «እኔ ስወድቅ የጨበጥኩት የሰው ፀጉር ነበር። የማን እንደሆነ አላውቅም» ብሎ ጻፈ። አንዲት መምህርት ሠላሳ ያነሰ መስሏት ተከራከረች፤ ልጆች ስለሚቀሉ አርባ ይበቃል አለች፤ ሌላው ልጆች አንድ ቦታ አይቆሙም፣ ወደሚያምረው ጎን ይሮጣሉ ሲል መለሰላት። «ሻማ ይዞ የሚሮጥ ልጅ ያለው የኔ ቤት ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች መምህርቷና ሠላሳውን ተቀበለች። ስድቡ አልጠፋም፤ ከሥሩ ግን ምክንያት ይጨመርበት ጀመር።

የማናንግ ኤውሄንያ የእኅት ልጅ ለጆቬሊን ጽሑፉን እንድታጠፋው ጽፎላት ነበር። ጆቬሊን ያንን ለሁሉም አሳይታ ከሥሩ «ጥያቄዬ ሳይመለስ አላጠፋም» አለች። በማግስቱ ደግሞ መልሱን ራሷ አመጣችው። የአሠሪዎቿን ውሻ እያናፈሰች ሳለ ገመዱን ስታይ ነው አሉ የመጣላት። «ወንድሜ ዳር ላይ ቢሆንም ከፓጎዳው ጋር የታሰረ ገመድ ቢይዝስ? ያኔ ቅዱሱን ይጎትታል እንጂ አይመለከትም። እኔ ይበቃኛል።»

ሐሳቡ ከተማውን ዞረው። ገመድ የጨበጠ ሰው ቅዱሱን እንደነካ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ላይ ገበያው፣ ጀልባው፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ ተከራከረ። ቄሱም ተጠየቁና «በእጅ የተያዘ ነገር ከልብ አይርቅም» ብለው አለፉት፤ ሁለቱም ወገን ለኔ ነው አለ።

የሁሉም ዓይን ግን ማኖንግ ዲዮስኮሮ ላይ ነበር። ፓጎዳውን ከአባታቸው ተረክበው የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓምና ከደረሰው በኋላ ስለ ጉዳዩ ከማንም ጋር አልተነጋገሩም። መጻፍ ስለማይወዱ የወንድማቸው ልጅ እየሰማች ጻፈችላቸው።

«ገመድ አለኝ» ይላል መልእክታቸው። «መስመሩንም እቀባለሁ። ሠላሳ ትክክል ነው፤ ዓምናም አውቀው ነበር። አሁን ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ። መሻገሪያው ሳንቃ ላይ ቆሞ ሠላሳ አንደኛውን ሰው ተመለስ የሚለው ማን ነው? ዓምና አንዲት ሴት የሞተ ልጇን ፎቶ ይዛ መጣች። ‹ሞልቷል› ልላት ነበር። አፌ አልታዘዘኝም። ከዚያ በኋላ የመጡትንም መመለስ አልቻልኩም፤ እሷን አሳልፌ እንዴት ሌላውን? መስመር ለመቀባት ቀለም ይበቃል። ለዚህኛው ግን ሰው ስጡኝ።»

ከሥሩ ማንም አልሳቀም። ብዙ ቆይቶ ማናንግ ኤውሄንያ በገዛ ስማቸው ብቅ አሉ።

«ያቺ ሁሉን የምታውቀው ትቁማ። የገዛ እናቷ ስትመጣ እናያለን።»

ኔልፋ በወደቡ መስኮት ሆና አነበበችው። ውጪ ሰው ተሰልፏል። አንድ ተሳፋሪ መስታወቱን እያንኳኳ «እኅቴ፣ ቦታ አለን ወይስ የለንም?» ይላታል። «አላችሁ» አለችው። ከዚያም «እቆማለሁ» ብላ ጻፈች።

የበዓሉ ዕለት ሲነጋጋ ዝናብ ነበር፤ ኋላ አባራ። ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ የወደቀ የሙዝ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ማኖንግ ዲዮስኮሮ ሦስቱን ታንኳ አስረው፣ ወለሉን ነጥፈው፣ ዓሣ በእጁ የያዘውን ቅዱስ ሩፋኤል በአበባ ቅስት ሥር አቁመውታል። በታንኳዎቹ ጎን አዲሱ ነጭ መስመር ይታያል። ከፊትም ከኋላም እንደ ሰው ክንድ የወፈረ ገመድ ታስሮ ጫፉ ዳር ላይ ተዘርግቷል።

ኔልፋ የወደብ ሸሚዟን ለብሳ በሳንቃው ራስ ቆመች። ግራ ክንዷ ላይ ሠላሳ የነጭ ጨርቅ ቁራጭ አንጠልጥላለች። ለሚወጣው ሰው ሁሉ አንዱን እጁ ላይ ታስርለታለች፤ ስንት እንደቀረ ማንም ከክንዷ ላይ ማየት ይችላል። ሕዝቡም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻታል።

«ለኔ ጠበቅ አድርጊልኝ፣ ማናንግ» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ «ብሰጥም እንኳ መታወቂያ ይሆነኛል።»

«ቀዛፊ ነህ ወይስ ባለ ስእለት?»

«ባለ ዕዳ ነኝ። ዳር ከቀረሁ ያገኙኛል።»

ሰዉ ሳቀ። ኔልፋም አሰረችለት። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ መካከል እያለች አሳለፈቻቸው። የጆቬሊን ወንድም መጥቶ ገና ቦታ እያለ «እኔ ገመዱን ነው የተባልኩት» ብሎ ዳር ዳሩን ሄደ፤ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከፍቶ፣ እኅቱ ከሆንግ ኮንግ እንድታይ አቁሞታል። እሱን አይተው ሌሎችም ተከተሉት።

ክንዷ ላይ ጥቂት ጨርቆች ሲቀሩ ሕዝቡ ጠጋ ጠጋ አለ። ማናንግ ኤውሄንያ በወርቃማ ጠርዝ የተሠራ ቀሚስ ለብሰው፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው ዳር ቆመዋል፤ አልቸኮሉም። ደጋሹ ምንጊዜም በመጨረሻ ነው የሚወጣው፤ ክብሩ ነው። በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል ይህን ልማድ ያነሳው አልነበረም፤ ኔልፋም አላሰበችበትም። ትዝ ያላት ማናንግ ኤውሄንያ እርምጃ ሲጀምሩ ነው፤ ያኔ ክንዷ ላይ የቀረው አንድ ጨርቅ ነበር።

ከማናንግ ኤውሄንያ ፊት ነጭ ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ሻማዋን በመዳፏ ጋርዳ ሳንቃው ላይ ደርሳለች።

«ቦታ አለ?» አለች ናናይ ሴፋ።

ማኖንግ ዲዮስኮሮ ከኔልፋ ጀርባ ጠጋ ብለው በጆሮዋ አንሾካሾኩ። «ለደጋሿ ስጪያቸው። እናትሽም ትተርፋለች፣ እሳቸውም አይቀየሙም። ማን ይፈርድብሻል?»

ማንም አይፈርድባትም ነበር። አንድ ቃል ብቻ ይበቃል፤ «የደጋሹ ቦታ ነው፣ ናይ»። ከተማው ሁሉ ልማዱን ያውቃል፣ እናቷም ታውቃለች። ናናይ ሴፋ ገመዱን ትይዛለች፣ እግሯ መሬት ላይ ይቆያል፣ ኔልፋም ዛሬ ማታ ተኝታ ታድራለች። ታንኳው ጎን ያለውን መስመር አየችው። ውሃው ከሥሩ ነበር። ለማንም እናት ይበቃል ብላ የጻፈችው መስመር ነው። ለዚህችኛዋ እናት ካልበቃ ለሌሎቹ እንዴት ይበቃል?

«የጻፍሽውን አታምኚውም?» አለች እናቷ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አንድ ቦታ አለ፣ ናይ።»

ጨርቁን በእናቷ እጅ ላይ አሰረችው። ፈታችና ጠበቅ አድርጋ ደግማ አሰረችው። ናናይ ሴፋ ማንንም ሳትይዝ ሳንቃውን ተሻግራ ወደ ግራ ጎን ሄደች።

ማናንግ ኤውሄንያ ደረሱ። የኔልፋን ባዶ ክንድ አዩት።

«ሞልቷል፣ ማናንግ።»

«የበዓሉ ደጋሽ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽን አውጥተሽ እኔን ትመልሻለሽ?»

«ቀድማ መጣች። ቀድመው ቢመጡ ኖሮ የምመልሰው እሷን ነበር።» ኔልፋ ድምፅዋ ከወደቡ መስኮት እንደሚወጣው ሆኖ ሰማችው። «የፊተኛው ገመድ ራስ አልተያዘም። ፓጎዳውን የሚመራው እሱ ነው።»

ስልኮቹ ሁሉ ወደ ማናንግ ኤውሄንያ ዞሩ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ፤ በአንድ እጃቸው ጫማቸውን፣ በሌላው የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዘው ጭቃውን እየረገጡ ወደ ገመዱ ራስ ሄዱ። ማኖንግ ዲዮስኮሮ ሳንቃውን ሳቡት። ፊታቸው ላይ ሸክም ያወረደ ሰው መልክ ነበረ።

ፓጎዳው ለቀቀ። ኔልፋ ሮጣ የኋለኛውን ገመድ ጫፍ ያዘች። ከፊቷ መቶ ያህል ሰው ገመዱን ጨብጦ ይዘምራል፤ እሷ አልዘመረችም። ዓይኗ ነጩ መስመር ላይ ነው። ወንዙ ቀጥ ባለበት መስመሩ ከውሃው በላይ ሆኖ ሄደ። መታጠፊያው ሲቃረብ ሞገዱ ፓጎዳውን በግራ በኩል መጎተት ጀመረ፤ ገመዱ መዳፏ ውስጥ ተንሸራተተና አቃጠላት።

«ያዙ» አለ አንድ ሰው ከፊት። «ያዙ፣ ወደኛ ያዙ።»

ሁሉም ተረከዛቸውን ጭቃው ውስጥ ተከሉ። ግራ ጎኑ ዝቅ አለ። ውሃው መስመሩን ነካው። ሸፈነው። ኔልፋ እናቷን አየቻት፤ ናናይ ሴፋ ሻማዋን ይዛ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ሩፋኤል ፊት ቀና ብላ ታያለች። ሊጋያ በመጨረሻ ያየችው እሱን ነበር እንግዲህ። ኔልፋ ይህን ከዚያ በፊት አስባው አታውቅም።

ገመዱ ጠነከረ። መስመሩ እንደገና ታየ፣ በመጀመሪያ ጫፉ፣ ከዚያ ሙሉው፣ ከሥሩም የታንኳው ጥቁር ቀለም። ፓጎዳው መታጠፊያውን አለፈ። የፊተኞቹ መዝሙሩን ካቆሙበት ቀጠሉት።

በታችኛው ወደብ ሰዎቹ ሲወርዱ ኔልፋ ሳንቃው አጠገብ ደረሰች። እናቷ በራሷ ጊዜ ወረደች። ኔልፋ ቁጢጥ አለችና የነጩን ቀሚስ ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምንም።» ደረቅ ነበር። ሌላውንም ዳር ያዘችው። ደረቅ ነበር።

ናናይ ሴፋ ቀሚሷን ቀማቻት። «ሰው እያየ ነው፣ ተነሺ።» ጥቂት እንደሄዱ ወደ ልጇ ዞር አለች። «ቦታ ግን ነበር። ከኔ ጎን ሁለት ሰው ይቆም ነበር፣ ምናልባትም ሦስት። ሠላሳ አንሷል።»

«ጻፊዋ፣ ናይ።»

«እጽፋለሁ።»

«ከሥሩ ምክንያትሽን ጨምሪበት።»

ናናይ ሴፋ እጇን በልጇ ትከሻ ላይ አሳረፈችና ተደግፋት መንገዱን ቀጠለች፤ ኔልፋም አልደነገጠችም።